«ወሮበሎች ከተማዋን አሸበሩ» ብሎ ከመጻፍ በፊት፣ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች (ከሜልበርን)

አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ በማህበረሰብ ሬዲዮ ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ዜና ማንበብ ከጀመርኩ አስራ አንድ አመት ሆነኝ፣ ደሞዝ የለውም፣ ሁላችንም በፈቃደኝነት ነው የምንሰራው፣ አዲስ የሚመጡትን ልጆች የማለማምደውም እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዷ፣ ጎበዝ ናት፣ ድምጿም ያምራል፣ «የአፍሪካውያን ወሮበሎች ከተማዋን አሸበሩ» ብላ ጽፋ መጣች። ወደ ውስጥ ገብቼ ሳነበው ስድስት ሰባት ልጆች ባቡር ጣቢያ ተደባድበው አንዱ ክንዱ ላይ በጩቤ ተወግቷል። በቃ። ልጅቷን አልተቆጣኋትም፣ ግን ይሄን ነገር ለስንተኛ ጊዜ እንዳረምኩት ስለማላውቀው ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

እንግሊዝኛው «ጋንግ» ባለ ቁጥር ወሮበላ ብሎ መተርጎም። የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይሄ ነው። ወሮበላ እኮ ወርሮ የሚበላ ማለት ነው፣ ዘርፎ አዳሪ፣ ቃሉ ራሱ ፈርዶ ነው የሚወጣው! ትክክለኛ ጋንግ አለቃ አለው፣ ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ አለው፣ ለረጅም ጊዜ አብሮ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ እኛ የምንዘግበው ግን በስናፕቻት ተጠራርተው የተገናኙ የአስራ አምስት የአስራ ስድስት አመት ልጆችን ነው። 2016 ማርች ላይ በከተማው በዓል፣ በሙምባ ፌስቲቫል ማታ፣ መሃል ከተማ ፌዴሬሽን ስኩዌር አካባቢ ወጣቶች ሲደባደቡ «ኤፔክስ» የሚባል ስም በአንድ ሌሊት ገነነ፣ ስሙ ዳንዴኖንግ ከሚባለው ሰፈር ካለች አንዲት ጎዳና የመጣ ነው፣ ሚዲያው የሱዳኖች ጋንግ አለው፣ ፖሊስ ደግሞ አባላቱ ከተለያየ ዘር የመጡ ናቸው እያለ፣ በአመቱም ኤፔክስ የሚባል ነገር የለም እያለ፣ ስሙ ግን ከልጆቹ ላይ አልወርድ አለ። 2018 ጃንዋሪ ላይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፒተር ዳተን ሬዲዮ ላይ ቀርበው የሜልበርን ሰው በአፍሪካ ጋንጎች ምክንያት ማታ ሬስቶራንት መሄድ ፈርቷል አሉ። ያኔ የአፍሪካ ልጆች በዚያው በ«አፍሪካን ጋንግስ» ሃሽታግ የምረቃ፣ የስራ፣ የቤተሰብ ፎቶ መለጠፍ ጀመሩ፣ እኔም ባለቤቴ የነርስ ዩኒፎርሟን ለብሳ የተነሳችውን ለጠፍኩ። በዚያው አመት ኖቬምበር በክልሉ በቪክቶሪያ ምርጫ ወንጀል ወንጀል እያለ የተወዳደረው ተቃዋሚ ክፉኛ ተሸነፈ፣ ስልጣን ላይ የነበረው የሌበር ፓርቲ ከ88 ወንበር 55ቱን ወሰደ። ከተማው ውስጥ የሚኖረው ሰውና ከተማውን በቲቪ የሚያየው ሰው አንድ አይነት ነገር አያዩም።

ከሁሉም የማይወጣልኝ ግን የ2007ቱ ነው። ኖብል ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ሱዳናዊ ወጣት በብረት ተደብድቦ ሞተ። ገዳዮቹ ነጮች ነበሩ። በዚያ ሰሞን ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሱዳን ጋንግ ሆነ፣ የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ ኬቨን አንድሪውስ ሱዳናውያን ከአገሩ ጋር መዋሃድ አቅቷቸዋል ብለው የአፍሪካ ስደተኞች ቁጥር መቀነሱን በዚያው አስረዱ። ልጁ ሟች ነው! ሟቹን ነው ጋንግ ያደረጉት! አዲስ ለሚመጣ ሁሉ ይሄን ሳልነግር ማይክ አላስይዝም።

ይሄ ስም ደግሞ አየር ላይ አይቀርም፣ መንገድ ላይ ወርዶ ልጁን ያስቆመዋል። ፖሊስ በቀለማችን እየለየ ያስቆመናል ብለው ፌዴራል ፍርድ ቤት የከሰሱት የፍሌሚንግተን አካባቢ የአፍሪካ ልጆች ጉዳይ 2013 ላይ በስምምነት አለቀ።

ታዲያ ምን እንበል ትሉኛላችሁ። የሆነውን በሉ። ስንት ልጆች፣ ስንት ሰአት፣ የቱ ጣቢያ፣ ማን ተጎዳ። «የተቧደኑ ወጣቶች» ማለት ይበቃል።

የሰፈሩን ስም ትቶ የከተማውን መጥራት። ዳንዴኖንግና ፉትስክሬይ በከተማው ሁለት የተለያየ ጎን ናቸው፣ አንዱ ደቡብ ምስራቅ አንዱ ምዕራብ። እናንተ «ሜልበርን በጩቤ ታመሰች» ስትሉ ፉትስክሬይ እንጀራ የሚሸጠው ሰውዬ ደምበኛው ይቀንሳል፣ እናቴም ጎንደር ሆና «አንተ ልጅ ኧረ ከቤት አትውጣ» ብላ ትደውልልኛለች። ከ2011 እስከ 2017 ሜልበርን ለኑሮ የተመቹ ከተሞች ዝርዝር ላይ በተከታታይ አንደኛ ነበረች፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት አመታት የኤፔክስ ወሬ የነገሰባት ከተማም ይህችው ናት። ጎዳናውን ጥሩ፣ ሰአቱን ጥሩ።

ጥሬ ቁጥር ይዞ መሮጥ። ቺካጎ ያለው ዘመዳችሁ ስንት ጊዜ «እንዴት ነው ተርፈሃል?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ጠይቁት። 2020 ላይ ቺካጎ ከ760 በላይ ሰው ተገደለ፣ ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ሴንት ሉዊስ ከ260 በላይ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ቺካጎ ባሰች ይላል። ቺካጎ ግን 2.7 ሚሊዮን ሰው አላት፣ ሴንት ሉዊስ 300 ሺህ ገደማ፣ ስለዚህ ለመቶ ሺህ ሰው ሲሰላ ሴንት ሉዊስ ሶስት እጥፍ ትሆናለች። ይሄም ብቻውን አያልቅም፣ ሴንት ሉዊስ በ1876 ከካውንቲዋ (ከአውራጃዋ) ተለይታ ወጥታለች፣ ሰላም ያለባቸው ዳርቻ ሰፈሮች ከቁጥሯ ውስጥ የሉም፣ ሌላ ከተማ ቢሆን እነሱም ተደምረው ቁጥሩ ይወርድ ነበር። የከተማ ደረጃ የሚያወጣ ዝርዝር ካያችሁ መጀመሪያ ድንበሩ የት ላይ እንደተሰመረ እዩ።

በቴሌግራም የመጣ ቪዲዮ ቀኑ ሳይጣራ አይወጣም፣ ይሄን አልደግመውም።

ችግሩን መካድ። ይሄ የሽማግሌዎቻችን ስህተት ነው፣ ያመኛል። «ሚዲያው ነው እንጂ ልጆቻችን ምንም የለባቸውም» ይሉኛል። 2017 አካባቢ በነበረው የክልሉ መረጃ ሱዳን የተወለዱ ሰዎች ከተጠርጣሪዎች ከመቶ 1 ገደማ ነበሩ፣ ከህዝቡ ደግሞ ከመቶ 0.1 ገደማ። ሁለቱንም ማንበብ አለባችሁ። ከመቶ 99ኙ ወንጀል የሌላ ነው፣ ያቺ ትንሽ ማህበረሰብ ውስጥ ያለው ችግር ግን እውነት ነው። 2025 ሜይ ላይ እዚሁ ሜልበርን ኖርዝላንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ወጣቶች በገጀራ ሲደባደቡ ሰው ከነልጁ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፣ መንግስት በቀናት ውስጥ የገጀራ ሽያጭ ከለከለ። ገጀራ የሚለው ቃል በኛ ጆሮ ሌላ ብዙ ነገር እንደሚያስታውስ አውቃለሁ፣ ግን ገጀራ ከነበረ ገጀራ ነው የሚባለው። አንዲት እናት ከስርጭት በኋላ ደውላ «ልጄ ሦስት ቀን ቤት አልገባም፣ እናንተ ደግሞ ችግር የለም ትላላችሁ፣ ለማን ልናገር?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ክሱን ዘግቦ ፍርዱን መርሳት። ልጁ ሲያዝ ዋና ዜና፣ በነጻ ሲለቀቅ ዝም። የቀጠሮውን ቀን ደብተር ላይ ጻፉ።

የመጨረሻው የራሴ ነው። ከስድስት አመት በፊት አንድ የኛ ልጅ በጩቤ ተወግቶ ሞተ፣ እንግሊዝኛው ሚዲያ ስሙን አውጥቶ ስለነበር እኔም አነበብኩት፣ ስርጭቱ ፌስቡክ ላይም ይጫን ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቹ ለእናትየው መርዶውን በማግስቱ ንጋት ሊያረዷት ሽማግሌ አዘጋጅተው፣ ጎረቤት ነግረው፣ ለቅሶ ደራሽ እንዳይቀድማቸው በር እየጠበቁ ነበር። የእህቷ ልጅ ስልኳ ላይ ከፈተችው። እናትየው ልጇ መሞቱን የሰማችው በኔ ድምፅ ነው፣ ብቻዋን፣ ጓዳ ውስጥ ሆና። ለቅሶ ልደርስ የልጁ አጎት ቤት ስሄድ ሰውየው እጄን ይዞ ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ ያዘኝ።

አሁን ስም ከመነበቡ በፊት እድር ሊቀመንበሩ ጋር እደውላለሁ። «ቤተሰቡ ተረድቷል ወይ?» እላለሁ። «ተረድተዋል» እስኪሉኝ ድረስ ወረቀቱ ላይ ያለው «አንድ ወጣት» ብቻ ነው።