ፓምፑ ሲደክም ትራፓኖ አታንሱ

ጣና ዳር የቤንዚን ፓምፕ ደከመ ሲባል አንድ ምክር አይጠፋም፤ «ጄቱን ትንሽ አስፋው»። ጄት ማለት ቤንዚኑን ከአየር በሚቀላቅለው ካርቡራቶር ውስጥ ያለችው፣ መሃሏ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት። ቤንዚኑ የሚለካው በእሷ ቀዳዳ ነው።

ምክሩን ሰምቼ አንድ ጊዜ ተግብሬዋለሁ። የአጎቴ የሽንኩርት ፓምፕ ውሃ አላወጣ ብሎ አስቸገረ። ጄቱ 0.70 ሚሊሜትር ነበር፤ በትራፓኖ (በመሰርሰሪያ) 0.80 አደረግኩት። አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ምን ታመጣለች ብዬ ነው። ቀዳዳው በዚያች ብቻ በስፋት 31 በመቶ ያድጋል። ፓምፑ እንደ አሮጌ የጭነት መኪና ያጨስ ጀመር። አጎቴ ጭሱን አይቶ «አንተ ልጅ፣ ሽንኩርቱን ነው ወይስ እኛን ነው የምታጥነው?» አለኝ።

ያኔ ያልገባኝ የከፍታው ነገር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ባሕር ወለል ላይ ካለው በ16 በመቶ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ የመጣ ካርቡራቶር እዚህ ሲሠራ፣ ለሚገባው አየር ቤንዚኑ በ9 በመቶ ገደማ ይበዛበታል። ማለትም ፋብሪካው ያስገባት ጄት ለእኛ ቀድሞውኑ ሰፊ ናት። የሆንዳ የትናንሽ ሞተሮች መመሪያም ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚሠራ ሞተር ካርቡራቶሩ እንዲስተካከል ይመክራል። ከተስተካከለ በኋላም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል ይላል። ስታሰሉት እዚህ ሞተሩ አንድ አምስተኛውን ያጣል። ይህን የትኛውም ጄት አይመልሰውም።

ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ (እሳት ሰጪው)

ቤንዚን በዝቷል። ጄቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ ሞተሩን ለትንሽ ጊዜ አስነሱት። ጭሱ ከቀነሰ ማጣሪያው አቧራ ጠጥቷል፤ እጠቡት ወይም ቀይሩት። በበጋ የጣና ዳር አቧራ ለዚህ አንደኛ ነው። ካልቀነሰ ቾኩ (ለማስነሳት አየሩን የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እዩ። ቀጥሎ ተንሳፋፊውና ቤንዚን የሚዘጋው መርፌው ይታዩ፤ መርፌው ካልዘጋ ቤንዚን ዝም ብሎ ይፈስሳል።

ሁሉም ደህና ከሆነ አሁን ጄቱን ፍቱ። ቁጥሩን አንብቡ። በብዙ ካርቡራቶሮች 70 ማለት 0.70 ሚሊሜትር ነው። ሚኩኒ የሚባለው ካርቡራቶር ላይ ግን ቁጥሩ የፍሰት መጠን ስለሆነ አታወዳድሩት። ከዚያ የ0.70 ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) ለስላሳውን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ሞክሩ። ልቅ ብሎ ከተወዛወዘ ከእናንተ በፊት የነካው ሰው አለ። ሁለተኛ እጅ ፓምፕ የምትገዙ ይህችን ልምድ አድርጓት።

መፍትሄው አዲስ ጄት ነው፤ ከፋብሪካው ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ። ለ0.70 ሞተር እዚህ 0.67 ወይም 0.68 ይስማማዋል። ጄቱ ገበያ ላይ ከጠፋ የሰፋውን ቀዳዳ በስታኞ (በመበየጃ እርሳስ) ደፍኖ በትንሽ ፑንታ እንደገና መብሳት ይቻላል። ትራፓኖ የሚያስፈልገው ይሄኔ ነው፤ ያውም በኤሌክትሪክ ሳይሆን ፑንታውን በእጅ እያዞራችሁ። ነሐስ ገር ነው፤ ማሽን አንዴ ከነከሰው ቀዳዳው ይጣመማል። የመግቢያው ጠርዝ ላይ የቀረች ፍንጣሪም ፍሰቱን ትቀይራለች፤ በደንብ አጽዱት፣ በአየር ንፉት።

ካርቡራቶሩ «ትፍ» ሲል፣ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ካንዴላው ሲነጣ

ይህኛው ተቃራኒው ነው፤ ቤንዚን አንሷል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ ቾኩን በትንሹ ዝጉት። ከተሻለው ቤንዚን እየራበው ነው።

ብዙ ሰው ለመሰርሰር የሚሮጠው እዚህ ጋ ነው። ጄቱ ግን የሚበዛውን ጊዜ ጠባብ ሆኖ አይደለም፤ ተዘግቶ ነው። በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ካርቡራቶሩን ፍቱ፣ ከታች ያለውን ሳህን እዩ፣ ውሃ ወይም ደለል ካለ ድፉት። ጄቱን በአየር ንፉ፤ ካልሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር። የብረት መርፌ አታስገቡ፤ መሰርሰር ማለት ነው። ሞተሩ ያለ ሥራ በሚኒሞ (በዝቅተኛ ዙር) ሲዞር ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ የተዘጋችው ትንሿ የሚኒሞ ጄት ናት። የጋኑ ክዳን የአየር ቀዳዳና የካርቡራቶሩ ጓርኒሲዮንም (ማሸጊያው) ይታዩ።

የጀልባ ሞተር ላይ ይህ ምልክት አይናቅ። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚሞላ ቱ ስትሮክ ከሆነ ጄት ሲዘጋ ዘይቱም ይቀራል፤ ፒስተኑ ይነክሳል (ይጣበቃል)። ዘጌ መንገድ መሃል ላይ ደግሞ መካኒክ የለም። ሞተሩ ከብዶት የሚያጓራ ከሆነ ግን መጀመሪያ አንስታችሁ ፕሮፔለሩን እዩ፤ እምቦጭ ተጠምጥሞበት ሊሆን ይችላል።

እዚህ አሳንሳችሁ ያስተካከላችሁትን ሞተር ወደ መተማ ይዛችሁ ከወረዳችሁ የድሮውን ጄት መልሱለት። ቦታው ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ በትንሹ ጄት ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ አሮጌውን ጄት አትጣሉት።

ማስተካከያው መሳካቱን የሚነግራችሁ ካንዴላው ነው። ሞተሩን ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ አሥር ደቂቃ አሠሩት፣ በስዊች አጥፉት፣ ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱ። የማኪያቶ ቀለም ካገኛችሁ ተዉት።

የአጎቴ ፓምፕ? ጄቷን ቀየርኩለት፤ ጭሱ ጠፋ፣ ውሃው ግን ያው ነበር። ለካ ጥፋቱ ከሞተሩ አልነበረም። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል በሐሳብ ደረጃ እስከ 10 ሜትር የሚሳብ ውሃ፣ እዚህ 8 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። አጎቴ ፓምፑን ከሌባ ይጠበቅልኝ ብሎ ከውሃው ከፍ ካለው ደጁ ነበር ያስቀመጠው። ተሸክመን ውሃው አጠገብ አወረድነው።