ባለ 150 ሲሲ ሞተርን ወደ ካፌ ሬሰር መቀየር፦ ለጎጃም መንገድ

ካፌ ሬሰር በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር የተወለደ ሞተር ነው። ለንደን የሚገኘውን ኤስ ካፌን የመሳሰሉ ቤቶች ያዘወትሩ የነበሩ ወጣቶች ከሞተራቸው ላይ ትርፍ ያሉትን ሁሉ ነቅለው፣ መሪውን ዝቅ፣ ወንበሩን አጠር አድርገው ይሽቀዳደሙ ነበር። የሚመኙት በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ግድም ነበር። እዚህ የምንቀይረው ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር (የባጃጅ ኩባንያ ሞተር) እዚያ አይደርስም፤ ደጋ ላይማ ጭራሽ። መልኩን ግን ያሳምርበታል፣ መለዋወጫውም ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ አይጠፋም።

ከመፍታታችሁ በፊት የሽቦውን መስመር ከግራም ከቀኝም ፎቶ አንሱት። ከዚያ ባትሪውን፣ ወንበሩን፣ የጎን ክዳኖቹንና ፖርቶመጋላውን አውርዱ። የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ግራይንደር እንዳይነካው፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ቦሎ ስትሄዱ መዘዝ ነው። ቀለም ለመቀየር ካሰባችሁም አስቀድማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ።

ወንበሩን አጭር ለማድረግ የሻንሲው ጭራ ተቆርጦ በግማሽ ክብ የታጠፈ ቱቦ ይበየድበታል። ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ጎማውና ወንበሩ የተራራቁ ይመስላሉ። ሁለቱንም የኋላ አሞርቲዘሮች ፍቱና ጎማውን በእጅ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አንሱት፤ ቱቦውም ፓራፋንጎውም (የጭቃ መከላከያው) መቀመጥ ያለባቸው ከዚያ በላይ ነው። አሞርቲዘሩ የሚታሰርበትን ጆሮ ፈጽሞ አትቁረጡ። ብየዳ ሲጀመር ባትሪውም ሲዲአዩም (የካንዴላውን እሳት የሚያዘው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሳጥን) ከሶኬታቸው ወጥተው ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ሲዲአይ በብየዳ ኤሌክትሪክ ይቃጠላል።

መሪ ላይ ምክራችን፦ ሹካውን የሚያቅፈውን ሁለት ቁራጭ መሪ ተዉት። ኮብልስቶንና ኮረት ላይ የእጅ አንጓና ወገብ ይጨርሳል። ዝቅ ያለ ቀጥ ያለ 22 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበቃል። ከገጠመ በኋላ ሞተሩን አስነሱና መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩ። ድምፁ ከፍ ካለ የጋዙ ገመድ እየተሳበ ነውና መስመሩን ቀይሩለት። እጀታው ታንኩን ከነካም ጣት ይጨመቃል።

አሁን አየርና ቤንዚን ወደሚቀላቅለው ወደ ካርቡሬተሩ። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የፊልትሮው ሳጥን ወጥቶ ክፍት ፊልትሮ ሲገባ ሞተሩ አየር ይበዛበታል፤ ስለዚህ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ያለበትን የነሐስ ብሎን) ማስፋት የግድ ነው። ጎጃም ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ደግሞ በአንድ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ማርቆስ ላይ ልክ የሆነ ጄት ዓባይ በረሃ ታች አየር የበዛበት ይሆናል። ሲወርዱ ጋዙ ዝግ ስለሆነ አይታወቅም፤ አደጋው መልሱ ዳገት ላይ ነው። ሙሉ ጋዝ፣ ከባድ ጭነት፣ ሙቀት፣ ያነሰ ቤንዚን፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ዓባይን የምትሻገሩ ከሆነ ማርቆስ ላይ በትንሹ ቤንዚን የበዛበት ይሁን፤ ትንሽ ጉልበት ብትቀንሱ ሞተር ከመግዛት ይረክሳል።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን) እና የጋዙን መነሻ የሚወስኑት ትንሹ ጄትና የጎን ብሎን ናቸው፣ መሐሉን መርፌው፣ ከሦስት ሩብ ጋዝ በላይ ያለውን ዋናው ጄት። ዋናውን በቅድሚያ ጨርሱ። አዲስ ካንዴላ አስገቡ፤ አሮጌው የድሮ ጥላሸት ይዞ ያታልላል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ስጡ፤ ከዚያ ፍሪሲዮን ይዛችሁ በአንድ ጊዜ አጥፉትና ዳር ያዙ። ካንዴላው ሲወጣ ሸክላው ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና ከመሰለ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ጄቱ አንድ ቁጥር ይጨምር፤ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ አንድ ይቀነስ። በአንዴ ሁለት ነገር አትቀይሩ፤ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

መሐል ላይ የሚያመነታ ከሆነ የመርፌዋን ክሊፕ አንድ ጥርስ ወደ ታች አውርዱ፤ መርፌው ከፍ ይልና ቤንዚን ይጨምራል። የጎን ብሎኑ ግን ሁለት ዓይነት ነው። በፊልትሮው በኩል ያለ የአየር ብሎን ነው፣ ሲላላ ቤንዚን ይቀንሳል። በሞተሩ በኩል ያለ የቤንዚን ብሎን ነው፣ ሲላላ ይጨምራል። ይህን ያላየ መካኒክ ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክር ይውላል። የትኛውም ቢሆን በቀስታ እስኪገጥም አጥብቁና አንድ ተኩል ዙር አላልታችሁ ጀምሩ።

ጄትን በሽቦ ማስፋት ወይም ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ማጥበብ የተለመደ ነው፤ አታስደርጉ። ቀዳዳው ከተቧጨረ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ቁጥሩም ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ከሌላ ካርቡሬተር የወጣውን አታወዳድሩ።

ጄት ቀይራችሁም ነጩ ካልለቀቀ አየር የሚገባበት ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ሚኒሞ ላይ እያለ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ባለው ጎማ ዙሪያ ውሃ ርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ጎማው ይቀየር። ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጭር ስታስገቡም የጋርኒሲዮኑን (በመገጣጠሚያው መሐል የሚገባውን ማሸጊያ) ነገር አደራ፤ ካላተመ ጋዝ ሲለቀቅ ይተኩሳል፣ ሰውም ካርቡሬተሩን ይወቅሳል።

የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ መስታወትና ጥሩምባ መልሳችሁ ግጠሙ። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ የመሪውን፣ የአሞርቲዘሩንና የማርሚታውን ዳዶዎች እንደገና አጥብቁ፤ የብየዳውን ዳርም በመብራት እዩ፣ ቀለሙ በቀጭኑ ከተሰነጠቀ ብረቱም ሳይሰነጠቅ አይቀርም።