ጢስ ዓባይን በሙላቱ ጊዜ እንዴት መጎብኘት እንደሚቻል

በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የታተመውን ፏፏቴ እያየ ያደገ ሰው ጢስ ዓባይን ለማየት ሲሄድ ያንኑ ከዳር እስከ ዳር የሚወርድ ውሃ ይጠብቃል። ወሩን ሳይመርጥ የሄደ እንግዳ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ጥቁር ዓለትና በአንድ ጥግ የሚፈስ ቀጭን ውሃ ነው፤ እንዲህ አዝኖ መመለስ ደግሞ አስቀድሞ በማወቅ የሚቀር ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ፣ ከመኪናውም ከማረፊያውም በፊት፣ ቀኑን መምረጥ ነው።

ቀኑን ለመምረጥ የውሃውን ጉዞ መረዳት ይጠቅማል። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጥንት እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው የባዛልት ዓለት ጠርዝ ላይ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። የክረምቱ ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ቢሆንም ጣና እጅግ ሰፊ በመሆኑ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎም ይጎድላል፤ ሐይቁ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ማባራት ሲጀምር ነው። በዚህ ምክንያት መስከረምና ጥቅምት ከሁሉም የተሻሉ ወራት ናቸው። ውሃው ሞልቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ተሸፍኖ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ከታኅሣሥ በኋላ ፏፏቴው እየሳሳ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ወሩ ብቻውን አይወስንም። ከፏፏቴው ጥቂት ከፍ ብሎ ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች ውሃ ይጠለፋል፤ የመጀመሪያው ማመንጫ የተሠራው በ1950ዎቹ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ውሃውን በቀጥታ ከሐይቁ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚለቅቀው ያ ውሃ በፏፏቴው በኩል ጨርሶ አያልፍም። መብራቱ ለአገር የሚያስፈልግ መሆኑ ባያጠያይቅም ለጎብኚው የሚተርፈው ውሃ ግን ከቀን ቀን ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከመነሳትዎ ከአንድ ቀን በፊት ባሕር ዳር ያሉ አስጎብኚዎችን ወይም ያረፉበትን ሆቴል ሠራተኞች «ውሃው ተለቋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ የመንገዱን ፀጥታም አብረው ያጣሩ።

በጉዞው ቀን ከባሕር ዳር ማልደው ይነሱ። በሚኒባስ ወይም በኮንትራት መኪና ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ ይሂዱና የመግቢያ ትኬት ቆርጠው ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር የእግር ጉዞዎን ይጀምሩ። ዓለቱ ሲረጥብ እጅግ ስለሚያዳልጥ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ፣ ምርኩዝም ይያዙ። ስልክዎን በፌስታል መጠቅለልዎን አይርሱ፤ በሙላቱ ወቅት ወደ ፏፏቴው ሥር የቀረበ ሰው ልብሱ ሳይበሰብስ አይመለስም።

መንገዱ መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወደ ተሠራው የድንጋይ ድልድይ ያደርሳል። እዚህ ቆም ይበሉ። ብዙ ሰው ለፏፏቴው ቸኩሎ የሚያልፈው ይህ ድልድይ ዓባይ በጠባብ የዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተጨንቆ ሲያልፍ የሚታይበት ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ከፏፏቴው ባልተናነሰ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ከድልድዩ በኋላ አቀበቱን ሲወጡ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይታያል። በሙላት ጊዜ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ጢስ የሚያሰኘው የውሃ ብናኝም ከሩቅ ሲነሳ ይታያል።

ቀስተ ደመናውን ለማየት ፀሐይን በጀርባዎ አድርገው ወደ ብናኙ ይመልከቱ። ብርሃን በውሃ ጠብታ ውስጥ ተሰብሮና ነጥሮ ከፀሐይ ትይዩ በሆነው አቅጣጫ በ42 ዲግሪ ገደማ ስለሚመለስ ፀሐይ ዝቅ ስትል ቀስቱ ከፍ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን፣ ከታየም፣ ወደ ታች ሲመለከቱ ብቻ ነው።

ከዚያ በተንጠልጣይ ድልድዩ ተሻግረው ወደ ፏፏቴው ሥር ይቅረቡ፤ አስጎብኚዎ ካሳየዎት መቆሚያ ግን አይለፉ። ሲመለሱ በመጡበት መንገድ መሄድ ወይም ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በጀልባ ተሻግሮ ወደ ከተማው መግባት ይቻላል። ወንዙ በጣም ሲሞላ ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል፣ ዳገቱን ዳግመኛ ለመውጣት የሚበቃ ጉልበትና ውሃ፣ ሳይመሽም ከተማ ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ ያስቀሩ።