ዋንጫ በሚጠበቅበት ሜዳ ታዳጊ ማሳደግ፦ ከ10 እስከ 15 ዓመት ልጆችን ለያዙ አሰልጣኞች

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክረምት ውድድር ይመጣል። ደጀንም ሆነ ዳንግላ፣ የታዳጊዎች እግር ኳስ ፕሮጀክት የያዘ አሰልጣኝ በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ደጋግሞ የሚወስናቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ ማን ይግባ፣ የት ይሰለፍ፣ በረኛው ኳሱን ለማን ይስጥ። ልጅ የሚያድገውም የሚቀጭጨውም እዚህ ላይ ነው። «እኛ የምንሠራው ለነገ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ 1 ለ 0 እየተመሩ አሥር ደቂቃ ሲቀር ግን ንግግሩ ይረሳና ጉልበተኛው ልጅ ይገባል። ስለዚህ ውሳኔዎቹን ውድድሩ ሳይጀመር፣ ልብ በረጋበት ሰዓት በወረቀት ማሰር ያስፈልጋል።

ከ13 ዓመት በታች ማን ነው የሚያሸንፈው?

አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ቀድሞ የበሰለ ልጅ ያለው ቡድን ነው። ወንዶች ቁመታቸው በፍጥነት የሚመዘዘው በ14 ዓመት አካባቢ ነው፤ ሴቶች በ12 ገደማ። ይህ ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ በአንድ ምድብ ያሉ እኩዮች በብስለት የሦስትና የአራት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ረጅሙን ፊት አቁሞ ከኋላ ረጅም ኳስ መላክ በዚህ ዕድሜ ዋንጫ ያስገኛል። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሌሎቹ በቁመት ሲደርሱበት ግን ያ ልጅ ኳስ አብርዶ መዞር አያውቅም፤ አብዶ የሚችለው ትንሹ ደግሞ ተቀያሪ ወንበር ሰልችቶት ከሜዳ ርቋል። በአንድ ዋንጫ ሁለት ተጫዋች ጠፋ ማለት ነው።

የትውልድ ወርም ልዩነት አለው። በዓለም አቀፍ ውድድሮች ዕድሜ የሚቆረጠው በጃንዋሪ 1፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። በጥር 2004 የተወለደና በኅዳር 2005 የተወለደ ልጅ በአንድ ምድብ ይገባሉ፤ በመካከላቸው ግን አሥር ወር አለ። ምርጫ ሲያካሂዱ ከስሙ ጎን የትውልድ ወሩን ይጻፉ። የተመረጡት በብዛት የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ልጆች ከሆኑ የመረጡት ዕድሜን እንጂ ችሎታን አይደለም።

ትክክለኛውን ዕድሜ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች የያዙት ካርድ ዘግይቶ የወጣ ነው። እናትን መጠየቅ ይሻላል፦ «እትዬ፣ ልጁ ክርስትና የተነሣው የትኛው በዓል ሰሞን ነበር?» ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሡ ወደ ኋላ ቆጥሮ ወሩን መያዝ ይቻላል። ዓመቱን ከታላቁና ከታናሹ ዕድሜ፣ ካለ ደግሞ ከክትባት ካርድ ጋር ያመሳክሩ። የክፍል ደረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ብዙ ነው። ዕድሜ ቀንሶ ማስመዝገብ የሚያዋጣ የሚመስለው አሰልጣኝም ይህን ይወቅ፦ ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. ዕድሜን ለማጣራት የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ ምርመራ ማየት ጀምሯል። ልጁ ጎበዝ ሆኖ እዚያ ቢደርስ የሚመለሰው ከበሩ ነው።

ቁመት በየሦስት ወሩ ይለኩ፤ ጠዋት፣ ባዶ እግር፣ አንድ ግድግዳ ላይ። በሦስት ወር ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ የጨመረ ልጅ የመመዘዝ ጊዜው ላይ ነው። እግሩ ይወሳሰባል፣ ትናንት የሚያቆመው ኳስ ዛሬ ያመልጠዋል። ሰነፈ ብለው አያውጡት፤ ጥቂት ወራት ይስጡት። ከጉልበት ሎሚው በታች ያለው አጥንት አብጦ ሲነካ የሚያመው ከሆነ ዝላይና ሽቅብ ሩጫ ይቀንሱለት። «ቻለው» ተብሎ የሚገፋ ልጅ የሳምንት እረፍት የሚበቃውን ሕመም የወራት ያደርገዋል።

ደቂቃ ማከፋፈል

የልጅ እድገት ከሚለካባቸው ነገሮች ሁሉ ለመቁጠር ቀላሉ የተጫወተው ደቂቃ ነው። አንድ ደብተር፣ በግራ ስም፣ በላይ የጨዋታው ቀን፣ በመካከሉ ደቂቃና የተሰለፈበት ቦታ። ከዚህ ያለፈ ቅጽ አያስፈልግም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 11 ለ 11 ሆኖ ሁለት 35 ደቂቃ ከተጫወቱ አንድ ጨዋታ 770 የተጫዋች ደቂቃ አለው። 18 ልጅ ይዘው ለእያንዳንዱ ግማሽ ጨዋታ፣ ማለትም 35 ደቂቃ ቢያረጋግጡ 630 ይሄዳል፤ 140 ይተርፋል። የተረፈውን ልምምድ ለማይቀረው፣ ለታገለው፣ ወይም ጨዋታውን ለማሸነፍ ለሚያስፈልገው ይስጡ። ፉክክሩ የሚኖረው እዚህ 140 ደቂቃ ላይ ነው። 22 ልጅ ከያዙ ግን ግማሽ ጨዋታው ራሱ 770ውን ይጨርሳል፤ አንድ ደቂቃ አይተርፍም። በ7 ለ 7፣ ሁለት 25 ደቂቃ ሲሆን ያለው 350 ነው። ለ12 ልጅ 300 ሰጥተው 50 ያተርፋሉ፤ ለ16 ልጅ 400 ስለሚያስፈልግ አይደርስም፤ ያኔ ስምንት ስምንት አድርገው ሁለት ቡድን ያስመዝግቡ። ብዙ ልጅ መመዝገብ ደግነት ይመስላል፤ ሜዳ ዳር የሚቀመጥ ልጅ ግን ማሊያ ለበሰ እንጂ አልተጫወተም።

ወጥቶ እንደገና መግባት የሚፈቀድ መሆኑን ዕጣ ሲወጣ በሚደረገው ስብሰባ ይጠይቁ። የጨዋታው ሕግ ለታዳጊዎች ፌዴሬሽኑ ከተስማማ ይፈቅዳል፤ ካልጠየቁ ግን ማንም አያነሣልዎትም። ከተከለከለ ሒሳቡን በሁለት ጨዋታ ድምር ይሥሩት።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደካሞቹን በሙሉ በመጨረሻው ሩብ አንድ ላይ ማስገባት ነው፤ ሁለት ጎል ይቆጠርና «በነሱ ተሸነፍን» ይባላል። በየመስመሩ፣ ከተከላካይም ከአማካይም ከአጥቂም፣ አንድ ጠንካራ ልጅ ሁልጊዜ ይኑር። ሁለተኛው ተቀያሪን 3 ለ 0 ሲሆን ብቻ ማስገባት ነው። ያ ልጅ ጭንቅ ያለበት ጨዋታ ሳያይ ያድጋል። ቢያንስ በሦስተኛው ጨዋታ የመጀመሪያ ተሰላፊ ይሁን።

ጥሎ ማለፍስ? ከግማሽ ፍጻሜ ጀምሮ ግማሹን ጨዋታ ወደ ሩብ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ሲበዛ ግትር መሆንም ልጆቹን ያስከፋል፣ እነሱም ማሸነፍ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ይህ ገና ሲመዘገቡ የተነገረ ደንብ መሆን አለበት። በዕለቱ የተፈጠረ ከሆነ የሚያስተምረው የአሰልጣኙ ቃል እንደማይያዝ ብቻ ነው።

ቦታ ማቀያየርም ደብተሩ ላይ ይታያል። ከ13 ዓመት በታች ማንኛውም ልጅ በውድድሩ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ይሰለፍ። ረጅሙን አማካይ ላይ ያስገቡት፤ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ መቀበል የሚማረው እዚያ ነው። እስከ 12 ዓመት በረኛነትም በተራ ይሁን።

ልምምድ በአምስት ኳስ

24 ልጅና አምስት ኳስ ካለ ረጅም ሰልፍ ሠርቶ ተራ በተራ ጎል ላይ ማስመታት የተለመደ ነው፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት አንዱ ልጅ ኳስ የሚነካው ከአሥር ጊዜ ብዙም አይበልጥም። ሦስት ትንንሽ ሜዳ ሠርተው 4 ለ 4 ቢያጫውቱ 24ቱም በሦስት ኳስ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ለመጠባበቂያ ይቀራሉ። ሜዳው 20 በ30 ሜትር፣ ጎሉ ሁለት ሜትር፣ በረኛ የለም። ኮን ከሌለ ሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ግማሽ አሸዋ ሞልተው ያቁሙ፤ ከድንጋይ ይሻላል፣ ልጅ ቢወድቅበት አይጎዳም።

የ75 ደቂቃ አከፋፈል፦ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ በሌባና ፖሊስ፤ 15 ደቂቃ 1 ለ 1 እና 2 ለ 1፤ 35 ደቂቃ 4 ለ 4፣ በየሰባት ደቂቃው ተጋጣሚ እየቀየሩ፤ ቀሪው ሰፊ ሜዳ ላይ ጨዋታ። ነጥብ ይያዙ። ነጥብ የሌለው ልምምድ ልጆቹን ያሰለቻል፤ ችግሩ ፉክክር መኖሩ አይደለም፣ ፉክክሩ ልጅን ወንበር ላይ ማስቀመጡ ነው። ኖርዌይ ልጆች 11 ዓመት እስኪሞላቸው የደረጃ ሰንጠረዥ አታወጣም፤ ጀርመንም ከ2024/25 ውድድር ዘመን ወዲህ ታናናሾቹን በትንንሽ ሜዳና በትንንሽ ጎል ታጫውታለች። በሁለቱም አገር ልጆቹ ግን በየደቂቃው ለማሸነፍ ይጫወታሉ።

ከ8 እስከ 12 ዓመት ቁጥር 4 ኳስ ነው፤ ክብደቱ ከ350 እስከ 390 ግራም። ከ13 ጀምሮ ቁጥር 5፣ ከ410 እስከ 450 ግራም። ገበያ ላይ 5 ብቻ ካገኙ አየሩን ትንሽ ያርግቡ። ዝናብ የጠጣ አሮጌ ኳስ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ በዚያ ቴስታ ማለማመድ አያስፈልግም። አሜሪካ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ቴስታን ጭራሽ ከልክላለች።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ካለ ጠንካራውን ልምምድ ወደ ቅዳሜና እሑድ ያዙሩት። በሌላው ቀን ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት አይጀምሩ፤ ቀለል ያለ የኳስ ንክኪ ይብቃ። ከበላ አንድ ሰዓት ይለፈው። በሶ በጥብጦ መጠጣት ወይም የተቀቀለ ድንች ይበቃል፤ ሆድ የሚነፋ ባቄላ ከጨዋታ በፊት አይመከርም።

ሜዳውን አይተው ይወስኑ

ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጎል ምት እንደተመታ ጨዋታ ይጀመራል፤ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል እስኪወጣ አይጠበቅም። ተከላካዩ እዚያው ክልል ውስጥ መቀበል ይችላል፣ ተጋጣሚ ውጭ ነው። በረኛው በእጅም በእግርም በአጭሩ እንዲጀምር ማለማመድ ጎል ያስቆጥርብዎታል፤ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ምናልባት ሁለትና ሦስት። ዋጋው ይህ ነው፣ ለወላጆችም አስቀድመው ይንገሩ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጭፍን አይሁኑ። ኳስ በጭቃ ላይ ይቆማል፤ ውሃ በቋጠረ ሜዳ ከኋላ በምድር ቅብብል ማስገደድ ልጁን የሚያስተምረው ፍርሃት ብቻ ነው። ያን ቀን ዓላማውን ይቀይሩ፦ ኳስን ከጭቃ ማንሣት፣ በአየር የመጣን በደረት ማብረድ፣ ሁለተኛውን ኳስ፣ ማለትም ተሻምተውበት የሚመለሰውን፣ ቀድሞ ማግኘት። ወደ ቢቸና በኩል ያለው ዋልካ መሬት ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚያ ነው። ከጨዋታ በፊት በእግርዎ ይዙሩና ስንጥቁን በአፈር ይድፈኑ። ከደብረ ማርቆስ ብርድ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ቡድን ሙቀቱ ስለሚደክመው በየሩቡ ውሃ ያጠጡ።

ጨዋታው ሲሄድ ከዳር ሆኖ «ምታ! ስጥ! ተመለስ!» ማለት ልጁን በጆሮው እንዲጫወት ያደርገዋል። አንድ ተቀያሪ ልጅ ወረቀት ይዞ ሦስት ነገር ይቁጠር፦ በረኛው ካስጀመረው ስንቱ ለእኛ ልጅ ደረሰ፣ ስንት ጊዜ አንድ ለአንድ ተጋጣሚን ማለፍ ተሞከረ፣ ኳስ ከተነጠቅን በአምስት ሰከንድ ውስጥ ስንቴ አስመለስን። በዕረፍት የሚናገሩት ከሦስቱ አንዱን ይሁን፤ ከዚያ በላይ አይሰማም።

ከ15 ዓመት ጀምሮ ውጤት መያዝም ትምህርት ነው። ልምምድ ላይ «2 ለ 1 እየመራችሁ ስድስት ደቂቃ ቀርቷል» ብለው ያጫውቱ፤ ሌላው ቡድን የግድ ማግባት አለበት። የሚመራው ቡድን ኳሱን የት መያዝ እንዳለበት፣ መቼ ወደ ማዕዘን መሄድ እንዳለበት ራሱ ይፈልገው።

ከሜዳ ውጭ ያለው ጫና

ወላጆችን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ሰብስበው የደቂቃውን ደንብ ያንብቡላቸው። ቅሬታ በዕለቱ ሜዳ ላይ አይሰማም፣ በማግሥቱ ደብተሩ ይገለጣል። «ልጄን ለምን አወጣኸው?» ለሚል አባት «አባቴ፣ ይኸው 35 ደቂቃ ተጫውቷል፣ ነገ ተሰላፊ ነው» ማለት ክርክሩን ያሳጥራል። ጎል ላገባ ብር የሚሰጥ ተመልካች ካለ በትሕትና ያስቁሙት፤ ከዚያ በኋላ ኳስ የሚያቀብል አጥቂ አያገኙም። ብሩን ለኳስ መግዣ ቢሰጥ ሁሉም ደስ ይለዋል።

የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ሲጠይቅ ከዋንጫው ጎን ሌላ ቁጥር ያቅርቡ፦ ከተመዘገቡት ስንቱ እስከ መጨረሻ ዘለቁ፣ ከግማሽ ጨዋታ በላይ የተጫወቱት ስንት ናቸው፣ ካለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ላይኛው ዕድሜ ምድብ ተሸጋገረ። ሴት ልጆች ካሉ ለብቻ ይቁጠሩ፤ ቶሎ የሚቀሩት እነሱ ናቸው፤ ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልምምዱ የሚያልቅበት ሰዓትና የቤት ሥራ እንጂ ፍላጎት ማጣት አይደለም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መጨረስ ብቻውን ብዙዎችን ያቆያል።

ውድድሩ ባለቀ ሳምንት ደብተሩን ይደምሩ። ከግማሽ በታች የቀረ ልጅ ካለ ምክንያቱን ከስሙ ጎን ይጻፉ፦ ታሞ፣ እርሻ ላይ ሆኖ፣ ወይስ እርስዎ ረስተውት። መስከረም ላይ ልጁን የሚረከበው አሰልጣኝ ከቁመቱ መዝገብ ጋር ቅጂውን ይውሰድ።