ሁለቱን ዝንብ አዳኝ ወፎች እንዴት እንለያቸዋለን?

ጣና ዳር ቡና ይዛችሁ ስትቀመጡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ከቅርንጫፍ ብድግ ብላ፣ አየር ላይ ዝንብ ቀለብ አድርጋ፣ ተመልሳ እዚያው ቁጭ ስትል አይታችሁ ይሆናል። ዝንብ አዳኝ ናት። ግን የትኛዋ? ባሕር ዳር ላይ በቀላሉ የሚምታቱት ሁለት ናቸው። አንዷ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የምትኖረው፣ በሳይንሳዊ የላቲን ስሟ ሙሲካፓ አዱስታ ናት፤ እኔ ጠይሟ እላታለሁ። ሌላዋ ሙሲካፓ ስትሪያታ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ወደ ደቡባዊው አፍሪካ ስትወርድና ስትመለስ የምታልፍ መንገደኛ።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያ እዩ። ቀልዴን አይደለም። መንገደኛዋ በብዛት የምታልፈው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከዚያ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ካያችሁ ጠይሟ ናት ብላችሁ ብትወራረዱ አትከስሩም። እኔ ግን የሐምሌዋን ሁለት ክረምት ሙሉ «መንገደኛ» ብዬ መዝግቤያታለሁ፤ ማስታወሻዬን ስገልጠው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቀጥሎ የተቀመጠችበትን ቦታ አስተውሉ። ዘጌ ውስጥ፣ ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ባለበት፣ ጠይሟን ፈልጉ። መንገደኛዋ ገላጣ ትወዳለች፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ጫፍ፣ አጥር፣ የመብራት ሽቦ። ይሄ ግን ፍንጭ ብቻ ነው፤ መንገደኛ ሲደክማት የትም ታርፋለች።

አሁን ባይኖኩላሩን አንሱ። ቀለም ላይ አትድከሙ፣ ጥላ ውስጥ ሁለቱም ጥቁር ይመስላሉ። ግንባሯን እዩ። የመንገደኛዋ ግንባርና ደረት በቀጭን እርሳስ የተሰመረ ይመስላል። እንግሊዞቹ «ነጠብጣባም» ይሏታል፣ ነጠብጣቡ ግን የጫጩቶቿ ነው፤ ላቲኑ ይሻላል፣ ስትሪያታ ማለት ባለ መስመር ነው። የጠይሟ ግንባር ልሙጥ ነው፣ ደረቷ ላይ ያለው መስመርም ውሃ እንደነካው ቀለም ደብዝዟል።

ከዚያ ክንፍ። እኔ በጣም የማምነው ይሄን ነው። መንገደኛዋ አገር አቋራጭ ስለሆነች ክንፏ ረጅም ነው፤ ስትቀመጥ ጫፉ ጭራዋ ላይ ራቅ ብሎ ይወርዳል፣ ሰውነቷም ቀጠን ብሎ ቀጥ ያለ ነው። ጠይሟ ሩቅ አትሄድም፤ ክንፏ አጭር፣ እሷም ድቡልቡል። በርዝመት መንገደኛዋ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፣ ጠይሟ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ታንሳለች፤ ጎን ለጎን ካልሆኑ ግን በዓይን አይያዝም።

በስልክም ቢሆን ከጎን ፎቶ አንሷት። ካልለየላችሁ የሁለቱን የጋራ ስም፣ «ሙሲካፓ» ብቻ ብላችሁ ጻፉና እለፉ። በሳምንቱ፣ በወሩም ስትመለሱ እዚያው ዛፍ አካባቢ ካገኛችኋት ጠይሟ ሳትሆን አትቀርም።