ለታሪክ አሶሼት ዲግሪ ኮሌጅ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የታሪክ አሶሼት ዲግሪ ብዙውን ጊዜ በ60 ክሬዲት የሚጠናቀቅ የሁለት ዓመት ትምህርት ሲሆን፣ ብዙዎች የሚጀምሩት ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ቀሪውን 60 ክሬዲት ለመጨረስ አስበው ነው። ዲግሪው ብቻውን የሚከፍተው የሥራ በር ጠባብ ስለሆነ፣ የኮሌጁ ጥሩነትና መጥፎነት በአብዛኛው የሚለካው ከእሱ በኋላ በሚመጣው ትምህርት ቤት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተትም ከዚሁ ይነሣል፤ ኮሌጅ ገብተው ኮርስ ከጀመሩ በኋላ ስለሚዛወሩበት ዩኒቨርሲቲ ማሰብ። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት፣ ሊገቡበት የሚፈልጉትን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል መስፈርት ከኮሌጁ ካታሎግ (የኮርሶች ዝርዝር መጽሐፍ) ጎን አስቀምጠው ኮርስ በኮርስ ያመሳክሩ።

ማመሳከሩ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አንድ ምሳሌ ያሳያል። መግቢያው የአሜሪካ ታሪክ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ኮሌጅ የሚከፍለው የእርስ በርስ ጦርነቱ ባበቃበት በ1865 ሲሆን፣ ሌላው ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የመልሶ ግንባታ ዘመን በተዘጋበት በ1877 ነው። የመጀመሪያውን ክፍል በ1865 ከሚያቆም ኮሌጅ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከ1877 ከሚጀምር ኮሌጅ የወሰደ ተማሪ የ12 ዓመት ክፍተት ይዞ ይቀርባል፤ ያውም የባርነት መወገድን ተከትሎ የመጣውን እጅግ አከራካሪ ዘመን ዘሎ። ሁለቱንም ክፍሎች ከአንድ ኮሌጅ መጨረስ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

«ክሬዲቱ ይዛወራል» የሚለውን መልስ ሰምቶ መርካትም ሌላ ስህተት ነው። ኮርሱ ተቀባይነት አግኝቶ ሳለ ለሜጀሩ (ለዋናው የትምህርት መስክ) ሳይቆጠር እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ «ኮርሱ ለታሪክ ሜጀር ይቆጠራል?» የሚለውን ጥያቄ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ አቅርበው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የኮሌጁ አማካሪ ቅን ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው ግን ተቀባዩ ነው።

በክፍለ ግዛት ደረጃ የሚሰጥ ዋስትናም በደንብ ሳይነበብ ያሳስታል። በካሊፎርኒያ ለዝውውር ተብሎ የተዘጋጀው አሶሼት ዲግሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያስገኛል፤ ሆኖም የሚመኙትን ካምፓስ አያረጋግጥልዎትም። የፍሎሪዳው ዋስትናም ከዚህ ብዙ አይለይም። ከክፍለ ግዛቱ ከወጡ ደግሞ ዋስትናው ከእርስዎ ጋር አይጓዝም።

የኮሌጁን እውቅና አለማጣራት አጭር ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል፤ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የመረጃ ቋት ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማስታወቂያ ከማመን እዚያ መፈለግ ይቀላል።

በመጨረሻም ካታሎጉን ብቻ አይቶ የሴሚስተሩን ፕሮግራም አለማየት ብዙዎችን ያዘገያል። በካታሎግ የሰፈረ የአፍሪካ ወይም የመካከለኛው ምሥራቅ ታሪክ ኮርስ አስተማሪ ወይም በቂ ተመዝጋቢ ስለጠፋ ለዓመታት ላይሰጥ ይችላል። ያለፉትን አራት ሴሚስተሮች ፕሮግራም ማየት እውነቱን ይነግርዎታል። የውጭ ቋንቋ ኮርሶችንም በዚያው ይመልከቱ፤ ብዙ የታሪክ ባችለር ፕሮግራሞች ቋንቋ ስለሚጠይቁ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ የሚሰጥ ኮሌጅ ቀሪውን ለዩኒቨርሲቲው ውድ ክፍያ ያስተላልፍብዎታል።