ገብሳችን የውጭውን ብቅል እንዲተካ ከፈለግን

አገር ተወዳዳሪ ትሁን ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ ፖሊሲና ስለ ብድር ነው። እሱም ያስፈልጋል። ሰሜን ሸዋ ሆኜ ሳየው ግን ነገሩ የሚጀምረው አውድማ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ከከተማው ወጣ ስትሉ ደግሞ ባሶና ወራናም አንጎለላም ገብስ በገብስ ነው። እንዲህም ሆኖ አገራችን ለዓመታት ብቅል በዶላር ስትገዛ ኖራለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ተወደደ ማለት ነው። ለኛ ገበሬ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው።

አጎቴ አንድ ዓመት 12 ኩንታል ገብስ ጭኖ ፋብሪካ ወስዶ መለሱበት። ገብሱ ለዓይን ያምራል። ግን ሁለት ዓይነት ዘር ተቀላቅሎበታል። እናቶቻችን ለጠላ ብቅል ሲያበቅሉ እንደሚያውቁት፣ እህሉ እኩል ካልበቀለ ግማሹ ጎንቁሎ ሲያልፍ ግማሹ ገና ጥሬ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዘር አትቀላቅሉ። ከብቅል ገብስ ዝርያዎች ሆልከርን ከዘራችሁ ሆልከር ብቻ፣ ትራቬለር ከሆነም እሱን ብቻ። የምግብ ገብሱን በሌላ ማሳ፣ በሌላ ጆንያ።

ዩሪያ ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ፤ ሲበዛ የፍሬውን ፕሮቲን ይጨምራል። ለስንዴ ፕሮቲን ጥሩ ነው፣ ለብቅል ገብስ ግን ሲበዛ ችግር ነው፤ ፋብሪካ የሚፈልገው ከ9 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ነው። ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ አፈሩ ራሱ ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ስላለው ይበልጥ ቀንሱ። ልኩን የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ነዶው ዝናብ እንዳይመታው ክምሩን ሸፍኑ። እበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ጠጠርና አፈር ይገባበታል፣ ፍሬውም ይሰበራል፣ የተሰበረ ፍሬ ደግሞ አይበቅልም። ቢያንስ ሸራ አንጥፉ። መውቂያ ማሽን በማኅበር መከራየት ከተቻለማ በጣም ጥሩ።

ከዚያ መድረቁን ፈትሹ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ገብስና ጥቂት የደረቀ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ናጡት። ትንሽ ቆይታችሁ እዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ ጎተራ አታስገቡት፣ ፀሐይ ላይ መልሱት። ካልተለጠፈም አንድ ሁለት ቀን ጨምሩለት፤ ገዢው ከ13 በመቶ በታች ነው የሚፈልገው።

አሁን ዋናው። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድሩ፣ ጠቅልሉት፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ (የደብረ ብርሃን ብርድ ስላለ ከምድጃ ራቅ ያለ ጥግ ይሻላል፣ ውጭ ግን አይሆንም)። በሦስተኛው ቀን ፈታችሁ የጎነቆሉትን ቁጠሩ። 95 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ገበያ ውጡ። ገና የታጨደ ገብስ ግን ለጥቂት ሳምንታት ያንቀላፋልና ቶሎ ፈትናችሁ አትደንግጡ።

ስትሸጡ አንድ አንድ ኩንታል ይዞ መሄድ ይቅር። በማኅበር ሰብስባችሁ፣ ናሙና ከጆንያው አናት ብቻ ሳይሆን ከመሃሉም ከሥሩም አውጥታችሁ፣ ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከመለሱባችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። አጎቴ ያኔ ጠይቆ ነው የዘሩን ነገር ያወቀው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉንም ተረከቡት።